የወይን ቅጠል ስንት ውሃ ያወጣል? ለጎጃም ከፍታ የሚሆን ሞዴል አሠራር

መስኖ ያለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው፦ ለአንድ ግንድ ስንት ሊትር ልስጥ? በቆጋ ቦይ ዳር ለሚያጠጣም ሆነ በጣና ዙሪያ በሞተር ለሚስብ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ «አፈሩ እስኪጠግብ» ነው። ለሽንኩርት ይሄ ያስኬድ ይሆናል፣ ለወይን ግን አያስኬድም። ወይን ውሃ ሲበዛበት ሐረጉና ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬው ግን ጣዕም ያጣል። ሲያንሰው ደግሞ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ያን ጊዜ ምግብ መሥራቱም አብሮ ይቆማል።

በጎጃም ወይን እንደ በቆሎና እንደ አቮካዶ የተለመደ ሰብል አይደለም። ለዚህም ነው ከጎረቤት ልምድ ተነስቶ መገመት የሚያስቸግረው። ስለዚህ ቅጠሉን ራሱን እንጠይቀው። የግብርና ተማሪ፣ የልማት ሠራተኛ ወይም ኤክሴል የሚችል አልሚ ከሆናችሁ ይህን መሥራት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ስለ ወይን ቅጠል የምታገኟቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ከፈረንሳይ፣ ከስፔን፣ ከካሊፎርኒያና ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ቦታ የተለኩ ናቸው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ላይ፣ 2,000 ሜትር ላይ ነው። ቀመሩን ከእነሱ ውሰዱ፣ ቁጥሩን ግን እዚሁ ለኩ። ይህን ያላደረገ ሰው ኤክሴሉ የቱንም ያህል ቢያምር ውጤቱ የሌላ አገር ወይን ውጤት ነው።

1. ሞዴሉ ከምን ከምን ይሠራል

የወይን ቅጠል ቀዳዳዎች፣ ስቶማታ የምንላቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያሉት በቅጠሉ ጀርባ ነው። በእነሱ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ በዚያው በር ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በሩ አንድ ስለሆነ ሁለቱን ለያይቶ ማስላት አይቻልም።

ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ፎቶሲንተሲሱን የሚያሰላው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ፋርኳር፣ ፎን ኬመረርና ቤሪ ያወጡት ቀመር ዛሬም መሠረቱ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል፤ በ1987 ቦል፣ ዉድሮውና ቤሪ የጀመሩት ነው፣ እኔ የምመርጠው ግን በ2011 ሜድሊንና ባልደረቦቿ ያሻሻሉትን ነው፣ ምክንያቱም ከማሳ ልኬት በቀላሉ የሚገኝ አንድ ዋና ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስተኛው የቅጠሉን ሙቀት የሚያሰላ የኃይል ሚዛን ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ አንዴ ገምቶ፣ አስልቶ፣ ግምቱን አርሞ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

2. የቦታችሁን አየር አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ እዚህ አገር ደግሞ ትልቁን ስህተት የሚያመጣው እሱ ነው።

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው። ለእናንተ ቦታ፦ 101.3 × ((293 − 0.0065 × ከፍታ በሜትር) ÷ 293) እና ይሄ ቅንፍ ወደ 5.26 ኃይል (ፓወር) ከፍ ይላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ብለን ብንይዝ 82 ገደማ ይመጣል። 2,000 ሜትር ላይ ላለ ማሳ 80፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ 2,400 ላይ 76። ወደ አባይ በረሃ ወርዳችሁ 1,100 ሜትር ላይ ብትሠሩ ደግሞ 89። አንድ ጎጃም ውስጥ ይሄን ያህል ልዩነት አለ፣ ስለዚህ የክልል አማካይ የሚባል ቁጥር አይጠቅማችሁም።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ቅጠሉ የሚያወጣው ውሃ የሚሰላው የእርጥበት ጉድለቱ፣ ማለትም በቅጠሉ ውስጥና በአየሩ ባለው እንፋሎት መካከል ያለው የግፊት ልዩነት፣ ለአየር ግፊቱ ተካፍሎ ነው። ቀዳዳው እኩል ተከፍቶ፣ ጉድለቱም እኩል ሆኖ፣ 82 ላይ ያለ ቅጠል 101.3 ላይ ካለው ወደ 24 በመቶ የሚበልጥ ውሃ ያወጣል። ትንሽ ነገር አይደለም፤ በየአራቱ ባልዲ አንድ ባልዲ ገደማ መጨመር ማለት ነው።

ካርቦኑም ይቀንሳል። አየር ውስጥ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ ስንል ድርሻው የትም አንድ ነው፣ ግፊቱ ግን በባሕር ወለል 42.5 ፓስካል ሲሆን ባሕር ዳር 34 ብቻ ነው። ኦክስጅኑም ከ21 ኪሎ ፓስካል ወደ 17 ይወርዳል። ስለዚህ የፋርኳርን ቀመር በፒፒኤም ሳይሆን በፓስካል ሥሩት። በቀመሩ ውስጥ ያሉትን የኢንዛይሙን ሁለት ቋሚዎች፣ የካርቦን ቋሚውን (25 ዲግሪ ላይ ወደ 40 ፓስካል) እና የኦክስጅን ቋሚውን (ወደ 28 ኪሎ ፓስካል) እንዳሉ ያዟቸው። የማካካሻ ነጥቡን ግን፣ ማለትም ቅጠሉ በብርሃን የሚያስገባው ካርቦን ኦክስጅን ከሚያስወጣበት ጋር እኩል የሚሆንበትን፣ በባሕር ወለል ወደ 4.3 ፓስካል የሆነውን፣ ኦክስጅኑ በቀነሰበት ልክ ቀንሱት፤ ወደ 3.5 ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሰዓት። መሣሪያዎች በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይመዘግባሉ፣ እኛ በሀበሻ ሰዓት እናስባለን፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ያልታወቀው ግን የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መሆኑ ነው፤ ባሕር ዳር ያለችው 37.4 ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቀጥ የምትለው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ተኩል አካባቢ ነው። የብርሃን ስሌታችሁን በግማሽ ሰዓት ካላሸሻችሁት የጠዋቱና የከሰዓቱ ቅጠል ይቀያየርባችኋል።

3. የአየር ጠባይ መረጃ

በየሰዓቱ አራት ነገር ትፈልጋላችሁ፦ ሙቀት፣ አንጻራዊ እርጥበት፣ የፀሐይ ጨረርና ነፋስ። የቀን አማካይ አይበቃም። በጎጃም በጋ ጠዋቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ደረቅና ሞቃት፣ አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል።

የሙሌት ግፊቱን፣ ማለትም አየር በዚያ ሙቀት ሊይዝ የሚችለውን ከፍተኛ የእንፋሎት ግፊት፣ እንዲህ አስሉ፦ 0.6108 × ኤክስፖነንሻል(17.27 × ሙቀት ÷ (ሙቀት + 237.3))። 28 ዲግሪ ላይ 3.78 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ አየሩ ውስጥ ያለው 1.13 ነው። ቅጠሉ 30 ዲግሪ ደርሶ ከሆነ ውስጡ ያለው እንፋሎት 4.24 ነው። ጉድለቱ ከቅጠሉ እስከ አየሩ 4.24 − 1.13 = 3.11። ልብ በሉ፣ በአየሩ ሙቀት ብቻ ብታሰሉ 2.65 ነበር የሚመጣው። የቅጠሉን ሙቀት ችላ ማለት እዚህ ላይ ያሳስታል።

ጨረሩ በዋት ከተመዘገበ በ2 ገደማ አባዙት፣ ቅጠሉ የሚጠቀምበትን ብርሃን በማይክሮሞል ይሰጣችኋል። በጠራ የበጋ ቀን እኩለ ቀን ላይ 2,000 አካባቢ ይደርሳል።

4. ቅጠሉን ለኩ

ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማዕከል የጋዝ ልውውጥ መለኪያ ካለው ተዋሱ፣ ከነባለሙያው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። መጀመሪያ መሣሪያው የሚያሳየው ግፊት ከላይ ካሰላችሁት ጋር መቀራረቡን እዩ። 101 የሚል ከሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሙሉ የተዘረጋ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከሐረጉ መሀል ያለ ቅጠል ምረጡ። ጫፍ ላይ ያለው ገና ልጅ ነው፣ ከሥር ያለው አርጅቷል። እዚህ የወይን ተክልን የሚያስተኛ ብርዳማ ወቅት ስለሌለ አንድ ግንድ ላይ የተለያየ ዕድሜ ያለው ቅጠል ታገኛላችሁ፣ የቅጠሉን ዕድሜ የሚወስነው የገረዛችሁበት ቀን ነው። ስለዚህ የግርዘቱን ቀን ከመረጃው ጋር ጻፉት።

ሁለት ዓይነት ልኬት ያስፈልጋል። አንደኛው ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚሠራ ነው፦ ካርቦኑን ከ420 ወደ 50 ዝቅ እያደረጋችሁ፣ መልሳችሁ ወደ 420፣ ከዚያ እስከ 1,500 ከፍ እያደረጋችሁ ፎቶሲንተሲሱን መመዝገብ። ከዚህ ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ አንዱ ኢንዛይሙ የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት፣ ሌላው የኤሌክትሮን ፍሰቱ ከፍተኛ ፍጥነት። የሙቀት ማስተካከያውን በ2001 ቤርናቺና ባልደረቦቹ ካወጡት ቀመር ውሰዱ።

ሁለተኛው ልኬት ለእኔ ዋናው ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት፣ ምንም ሳትነካኩ፣ የቀዳዳውን የማሳለፍ አቅም፣ ፎቶሲንተሲሱንና ጉድለቱን መዝግቡ። ጠዋት ጉድለቱ ትንሽ ሲሆን፣ ከሰዓት ትልቅ ሲሆን፣ ሁለቱም መኖር አለበት። ከዚያ በአግድሙ ፎቶሲንተሲስ ÷ (ካርቦን × √ጉድለት)፣ በቁሙ ማሳለፍ − 1.6 × ፎቶሲንተሲስ ÷ ካርቦን አድርጋችሁ ሥሩ። የመስመሩን ተዳፋት ለ1.6 ስታካፍሉት የምናገኘው ቁጥር ጂ-አንድ ይባላል። ወይናችሁ ውሃ ቆጣቢ ይሁን አባካኝ የሚነግራችሁ እሱ ነው። 1.6 የመጣው የውሃ እንፋሎት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ያህል ፈጥኖ ስለሚጓዝ ነው። ዝርያ እዚህ ላይ ይለያያል፤ ግሬናሽ ሲጠማው ቶሎ የሚዘጋ ነው፣ ሲራ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያወጣ።

መሣሪያ ካልተገኘስ? ሚዛን አለ። አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ የተከላችሁትን ወይን አጠጡ፣ የአፈሩን ፊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ግንዱ ላይ እሰሩ፣ ጀሪካኑን ከፀሐይ ከልሉት፣ ከዚያ በየሰዓቱ መዝኑ። የጎደለው ሁሉ በቅጠል የወጣ ነው። ለምሳሌ 1.2 ካሬ ሜትር ቅጠል ያለው ተክል በአንድ ሰዓት 300 ግራም ቢጎድል፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም ነው፤ ለ18 (የአንድ ሞል ውሃ ክብደት በግራም) ከዚያም ለ3,600 ስታካፍሉት 3.9 ሚሊሞል በሰከንድ። ይህን በግፊቱ አባዝታችሁ ለጉድለቱ ስታካፍሉ (3.9 × 82 ÷ 3.1) ወደ 0.10 ሞል የማሳለፍ አቅም ይወጣል። የጀሪካን ሥር የማሳ ሥር አይደለም፣ ግን ከተውሶ ቁጥር በእጅጉ ይሻላል።

የቅጠል ሙቀት ሳይነካ በሚለካ ቴርሞሜትር ይለካል። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ግን አይሆንም፣ የሰው ሰውነት ሙቀት ክልል ብቻ እንዲያነብ የተሠራ ነው። የፋብሪካ ወይም የመካኒክ ዓይነቱን ፈልጉ።

5. አንድ ላይ አስሉት

ከላይ ባለው ከሰዓት እንሥራ። ፎቶሲንተሲሱ 12 ማይክሮሞል፣ ካርቦን 420፣ ጂ-አንድ ለምሳሌ ያህል 4፣ ጉድለት 3.11።

የጉድለቱ ካሬ ሥር 1.76 ነው። 4 ÷ 1.76 = 2.27፣ አንድ ሲደመርበት 3.27። በ1.6 ሲባዛ 5.23። በ12 ÷ 420 ሲባዛ 0.149 ሞል። ቀዳዳው ይሄን ያህል ያሳልፋል።

ግን ከቅጠሉ ላይ የተኛ ስስ የአየር ንጣፍ አለ፣ ውሃው እሱንም ማለፍ አለበት። ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር፣ ቅጠሉ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ንጣፉ 0.65 ያሳልፋል። ሁለቱ ተከታታይ ናቸው፦ 1 ÷ (1 ÷ 0.149 + 1 ÷ 0.65) = 0.121። አሁን ውሃው፦ 0.121 × 3.11 ÷ 81.8 = 0.0046 ሞል፣ ማለትም 4.6 ሚሊሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ። በሰዓት ወደ 0.3 ሊትር በካሬ ሜትር ቅጠል።

ይህ ትነት ከቅጠሉ ሙቀት ይወስዳል፣ በእያንዳንዱ ሞል 44 ኪሎ ጁል። ስለዚህ 200 ዋት ገደማ በዚህ ይሄዳል፣ የተረፈው ጨረር ቅጠሉን ያሞቀዋል። የሚወጣው የቅጠል ሙቀት መጀመሪያ ከገመታችሁት 30 ከተለየ አዲሱን አስገብታችሁ ከላይ ጀምሩ። መነሻው ሲጠፋባችሁ የቅጠሉን ሙቀት ከአየሩ እኩል፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካርቦን የውጭው 0.7 አድርጉት። ለውጡ ከ0.1 ዲግሪ ሲያንስ አቁሙ። ብዙ ዙር አይፈጅም።

6. ከቅጠል ወደ ግንድ

ቅጠል በካሬ ወረቀት ላይ እየሣላችሁ ስፋቱን ለኩ፣ 30 ያህል ይበቃል፣ ከዚያ የቅጠሉን ወርድ ብቻ እየለካችሁ መገመት ትችላላችሁ። ከአንድ ሐረግ ወደ ግንዱ አባዙ።

የግንዱ ቅጠል ሁሉ ፀሐይ አያገኝም። የፀሐዩን ቅጠልና የጥላውን ለይታችሁ አስሉ፣ አማካይ ብርሃን ወስዶ አንድ ጊዜ ማስላት ፎቶሲንተሲሱን ያጋንነዋል። 6 ካሬ ሜትር ቅጠል ያለው ግንድ ግማሹ ፀሐይ ላይ ከሆነ፦ 3 × 0.3 (የፀሐዩ) ሲደመር 3 × 0.1 (የጥላው፣ ለምሳሌ ያህል)፣ በሰዓት 1.2 ሊትር። ይሄ የከሰዓቱ ከፍተኛ ነው። የየሰዓቱን ስትደምሩ የቀኑ ወደ 9 ሊትር ሊመጣ ይችላል። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትሆን እኩለ ቀን ላይ ጥላና ፀሐይ የሚለየው በመስመሩ አቅጣጫ ሳይሆን በቅጠሉ ጥቅጥቅነት ነው፤ በታኅሣሥ ግን አቅጣጫው ያለ ጥርጥር ይለያል።

7. ሲጠማውስ

እስካሁን ያሰላነው ውሃ የጠገበ ተክል ነው። አፈሩ ሲደርቅ ጂ-አንድን ከ1 እስከ 0 በሚደርስ ቁጥር አባዙት። ወይን ሊያገኘው ከሚችለው ውሃ 45 በመቶው እስኪያልቅ 1 ይሁን (ለገበታ ወይን 35 ይሻላል)፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይውረድ።

ትክክል መሆናችሁን የሚያረጋግጠው እኩለ ቀን ላይ በግፊት ክፍል (ፕሬሸር ቻምበር በሚባለው መሣሪያ) የሚለካው የግንድ የውሃ ጉልበት፣ ማለትም ውሃው በግንዱ ውስጥ ምን ያህል እንደተሳበ የሚያሳየው ቁጥር፣ ነው። ከ−0.6 ሜጋ ፓስካል በላይ ከሆነ ጥማት የለም፣ ከ−0.9 እስከ −1.1 መካከለኛ ነው፣ ከ−1.4 በታች ከሆነ ከባድ ነው። መሣሪያው ከሌለ የማሳለፍ አቅሙን ተመልከቱ፦ ከ0.15 በላይ ደህና ነው፣ ከ0.05 በታች ተክሉ ዘግቷል።

8. ከወረቀት ወደ ቦይ

መጀመሪያ አመሳክሩ። በፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) 56ኛ መመሪያ የመጠጥ ወይን የመሀል ወቅት የሰብል ማባዣ 0.70 ነው። የማጣቀሻው ትነት (ውሃ የጠገበ ሣር የሚያወጣው) በቀን 5 ሚሊ ሜትር፣ ለአንድ ግንድ የተተወው ቦታ 2.5 በ1.5 ሜትር ቢሆን፦ 5 × 0.70 × 3.75 = 13 ሊትር። የእናንተ 9 ነው። የፋኦው የአፈሩን ትነት ጭምር ስለሚይዝና ሙሉ ቅጠል ስለሚገምት ይሄ ልዩነት አያስደነግጥም። 25 ቢመጣ ግን የሆነ ቦታ ግፊቱን ወይም የቅጠሉን ስፋት ተሳስታችኋል፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን እዩ።

አሁን የውሃ አባት ተራችሁን በየ8 ቀኑ ሰጣችሁ እንበል። 9 × 8 = 72 ሊትር። በቦይ ካጠጣችሁ 60 በመቶው ብቻ ነው የሚደርሰው ብላችሁ 120 ሊትር ያዙ፣ በጠብታ ከሆነ 80።

ቀጥሎ አፈሩ ይይዘዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በሜትር ጥልቀት 150 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ቀይ አፈር ላይ፣ ሥሩ 1 ሜትር ወርዶ፣ ጠብታው የሚያርሰው 1 ካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ተክሉ ሳይጨነቅ የሚወስደው 150 × 0.45 = 67 ሊትር ነው። 72 ይፈልጋል፣ 67 አለው። በስምንተኛው ቀን ወይኑ ጠምቶታል ማለት ነው። በቦይ ሰፋ አድርጎ የሚያጠጣው ሰው ይሄ ችግር የለበትም፣ የሱ ችግር ብክነት ነው። ጠብታ የዘረጋችሁ ግን ሮቶ አስቀምጣችሁ ተራው በደረሰ ጊዜ ሙሉትና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ከፋፍላችሁ ስጡ። ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ የአፈራችሁን የመያዝ አቅም ለብቻው አስለኩ፣ የቀይ አፈሩን ቁጥር አትዋሱ፤ ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅም የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ሊያመልጥ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ግርዘት በኋላ የቅጠሉ ስፋት ከዜሮ ይጀምራል። 9 ሊትር የነበረው ግንድ ለሳምንታት 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው የሚፈልገው። የቅጠሉን ስፋት በየሁለት ሳምንቱ ለክታችሁ ኤክሴሉ ላይ ቀይሩት፣ ሌላውን ቁጥር እስከሚቀጥለው የልኬት ቀን ድረስ እንዳለ ተዉት።